የጉጠቱ እጅና ዓይን

ራግንሂልድ የሥራ ጓደኛዋን ታገን መጠርጠር የጀመረችው ሁለተኛው ዘንግ የተጣመመ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት አብረው በሠሩባቸው ሃያ ዓመታት ስለ እሱ አንዲት ክፉ ሐሳብ በልቧ አልፋ አታውቅም። የልጇ የክርስትና አባት ነው። እናቷ የሞተች ጊዜ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ጥርጣሬ ግን መግባት ሲፈልግ ይሄ የዘመድ ቤት ነው፣ ያ የባዳ ነው ብሎ አይመርጥም።

ሥራቸውን እነሱ ራሳቸው ጥርስ ነቀላ ይሉታል። በባሕሩ ዳር ያለው የኑክሌር ጣቢያ በየበጋው ለእድሳት ሲቆም፣ ከማብላያው ውስጥ የወጡት የነዳጅ ጥቅሎች ወደ ጥልቁ ገንዳ ይገባሉ። በአንድ ጥቅል ውስጥ ከጣት የማይወፍሩ፣ ቁመታቸው ግን የሰው እጥፍ የሚሆን ብዙ ዘንጎች ታጭቀዋል። ከእነሱ አንዱ ሽፋኑ ከተበሳ የሆዱን መርዝ ወደ ውኃው ያፈሳል። ለአንድ በሽተኛ ጥርስ ብሎ መንጋጋውን ሙሉ የሚጥል የለም። ስለዚህ ቁስለኛውን ዘንግ ብቻ በረጅም ጉጠት ስበው ያወጡና በቦታው የብረት ዘንግ ይተካሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከውኃው ሥር ነው። ዘንጉ ከውኃ ከወጣ ጨረሩ ያገኘውን ሁሉ ይገድላልና።

ጉጠቱን የሚይዝ «እጅ» ይባላል፤ ስክሪኑን የሚያይ «ዓይን»። እጅ ከገንዳው በላይ ባለው ተንቀሳቃሽ ድልድይ ላይ ቆሞ የረጅሙን ምሰሶ መያዣ ይጨብጣል። ዓይን ደግሞ ከጎኑ ተቀምጦ ካሜራው ከውኃው ሥር የሚያሳየውን እያየ ይናገራል። እጅ ስክሪኑን ማየት ክልክል ነው። ምስሉ ግራና ቀኙ የተገለበጠ ስለሆነ፣ ያየ ሰው እጁ ምስሉን ተከትሎ ይስታል። ስለዚህ የስክሪኑ ጀርባ ወደ እጅ ዞሯል፤ እጅ ያለው የዓይን ቃል ብቻ ነው። ዓይን «ተዘጋ» ሲል እጅ ይስባል። ሌላ ማረጋገጫ የለም። ራግንሂልድ እጅ ናት፣ ታገ ዓይን። ሃያ ዓመት እንደዚያ ነበሩ።

በዚህ በጋ የመጀመሪያው ዘንግ ላይ ታገ «ተዘጋ» አለ፤ ስትስበው ትንሽ ተነሣና ከጉጠቱ አምልጦ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። ዕድል ሆኖ አልተሰበረም። ሁለተኛው ላይም «ተዘጋ» አለ። ጉጠቱ የያዘው ግን አንገቱን በአንድ ወገን ብቻ ኖሮ፣ ዘንጉ ሲወጣ ተጣመመ። እሱን ለማስተካከል ግማሽ ቀን ወሰደባቸው፤ ወደ ማታ ሁሉም እርስ በርስ መተያየት አስጠልቷቸው ነበር።

የእድሳቱ አለቃ ኢንግማሪ በቡና ሰዓት የቀረፋ ዳቦዋን ይዛ መጥታ ከራግንሂልድ ፊት ተቀመጠች።

«በግልጽ ልንገርሽ» አለች። «ሦስተኛው ከተሰበረ በሆዱ ያሉት የነዳጅ እንክብሎች ገንዳው ወለል ላይ ተበተኑ ማለት ነው። ያኔ ሥራውን የሚረከቡ የውጭ ሰዎች እጠራለሁ፤ አንቺም ጉጠት አትነኪም፤ ቢሮ ትገቢያለሽ።»

«ቢሮ ገብቼ ምን ልሠራ?»

«እንደ እኔ እየፈረምሽ ትወፍሪያለሽ።»

ኢንግማሪ ሳቀች። ራግንሂልድም ለይሉኝታ ያህል ፈገግ አለች። ያን ምሰሶ ትወደዋለች። ከውኃው ሥር ያለው ብረት ሲነካ በመዳፏ የሚመጣላትን ስሜት ከልጇ ሳቅ ቀጥሎ ከዓለም ነገር ሁሉ ታስበልጠዋለች፤ ይህን ለማንም አትናገርም እንጂ እውነቱ ይሄ ነው። ቢሮ መግባት ለእሷ በቁም መቀበር ነው።

ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ጥፋተኛ ይፈልጋል። እሷም ፈለገች። እጇ አልሳተም፤ እርግጠኛ ናት። «ተዘጋ» ያለው ማን ነው? ታገ። ታገ ደግሞ ሃያ ዓመት ተሳስቶ የማያውቅ ሰው ነው። ተሳስቶ የማያውቅ ሰው በአንድ በጋ ሁለት ጊዜ ከተሳሳተ፣ ተሳስቶ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ የድሮው ነገር ሁሉ ፊቱን እያዞረ ይታያት ጀመር። በጸደይ የቡድን መሪነት ቦታ ሲከፈት ሁሉም የሚጠብቀው ታገን ነበር። እሱ ግን «አንቺ ውሰጂው፣ እኔን ስብሰባ ያስተኛኛል» አለና አላመለከተም፤ ሹመቱም ለእሷ ሆነ። ያኔ አቅፋ ስማው ነበር። አሁን ስታስበው፣ ሹመት ሲሰጡት አልፈልግም የሚል ሰው የት አገር ነው ያለው? ደግሞ የእህቱ ልጅ ቶርኬል አለ፤ በዚያው ድልድይ ላይ የድልድዩን ማንቀሳቀሻ የሚይዝ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ጎልማሳ። ባለፈው ክረምት በሌላ ጣቢያ ሄዶ የእጅነት ሥልጠና ጨርሷል። ራግንሂልድ ቢሮ ከገባች ጉጠቱን ማን ሊይዝ ነው? መልሱ ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ቆሞ ማስቲካ ያኝካል።

በማግስቱ ለልምምድ ባዶ ጥቅል ላይ ሲሠሩ ራግንሂልድ ድንገት ቀና ብላ ታገን አየችው። ታገ ስክሪኑን አያይም ነበር። ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ እሷን እያየ ነበር።

«ምን ታያለህ?» አለችው።

«ምንም። ሥራሽን ሥሪ።»

ከዚያ በኋላ ሰርቃ ባየችው ቁጥር ያው ነው። ዓይን ሊያየው የሚገባው ስክሪን ወዲህ፣ የታገ ፊት ወዲያ። የሚመዘግባት መሰላት። ስትሳሳት ለመያዝ፣ ለኢንግማሪ ሄዶ ለማቀበል የሚከታተላት መሰላት። ጀርባዋ ላይ ጉንዳን የሚሄድባት ይመስል አላስቆም አላት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ታገ ቤት የኦገስት ግብዣ ሆነ። እሱ እንደ አገሩ ልማድ በየዓመቱ ይጠራቸዋል፤ በእንስላል የተቀቀለ ቀይ ሸርጣን ሳህን ሙሉ፣ የወረቀት ኮፍያ፣ አረቄ፣ ደህና ድምፅ የሌላቸው ሰዎች ዘፈን። ራግንሂልድ ላለመሄድ አስባ ነበር፤ ቀርታ ደግሞ የሚያወሩት እንዲያመልጣት አልፈለገችም። ባለኮፍያ ሆና ተቀመጠች፤ ሸርጣኗን ስትፈለቅቅም ዓይኗ ከታገ አልተነሣም። እሱ አልበላም ማለት ይቻላል። ያቀረቡለትን በጣቱ ይደባብስና ይተወዋል።

ዳቦ ሲያልቅ ለማምጣት ወደ ማድቤት ሄደች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ቶርኬልና ታገ ውስጥ ናቸው።

«እስካሁን አላወቀችም?» ሲል ቶርኬልን ሰማችው።

«አላወቀችም። የዚህ በጋ ሥራ እስኪያልቅ አፍህን ዝጋ» አለ ታገ።

«አጎቴ፣ ደግ አይደለም። አንድ ዘንግ ቢሰበር እኮ የምትጠየቀው እሷ ናት።»

«አውቃለሁ አልኩህ! አውቃለሁ።»

ራግንሂልድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች። ከዚያ ኮቴዋን አሰምታ ገባች።

«ዳቦው የት ነው?»

ሁለቱም ደነገጡ። «ፊት ለፊትሽ ነው» አለ ቶርኬል፤ «ኮፍያሽ ዓይንሽን ጋርዶሽ ነው።» ታገ ሳቀ። ጮክ ብሎ፣ ከሚገባው በላይ ሳቀ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አለች ለራሷ፤ እኔ ግን ጠርጥሬያለሁ። ለኢንግማሪ ልንገራት ብላ አሰበችና ተወችው። ምን ብላ? ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል ብላ? ማድቤት ውስጥ ተንሾካሾኩ ብላ? ማስረጃ ያስፈልጋታል፤ እሱም ሰው ሁሉ በሚሰማበት።

የቡድኑ ጆሮ ማዳመጫ አንድ መስመር ነው። በድልድዩ ላይ የሚነገረውን ቃል ሁሉ ኢንግማሪ ከገንዳው ጎን ባለው የመስታወት ክፍል ሆና ትሰማለች። ራግንሂልድ ወጥመዷን እዚያ ላይ ልታጠምድ ወሰነች።

በሦስተኛው ዘንግ ጠዋት እንደወትሮው በታገ በር አቁማ ጥሩምባ ነፋች። ካለፈው መከር ጀምሮ ታገ መኪናዬ ሞተሩ ሞቷል ስለሚል ወደ ሥራ የምታመላልሰው እሷ ናት። ድሮ ሹፌሩ እሱ ነበር። ገብቶ ቀበቶውን በዳበሳ አሠረ።

«ዝም አልሽ» አላት ከጫካው መንገድ ላይ።

«መኪና እየነዳሁ ነው።»

«ድሮ እየነዳሽም ትለፈልፊ ነበር።»

«ድሮ ብዙ ነገር ነበር።»

«ምን አስቀየምኩሽ?»

«አንተ ንገረኛ።»

ታገ አፉን ከፈት አድርጎ ዘጋው፤ ራግንሂልድም ይህንኑ በማስረጃው ላይ ደመረችው።

ከገንዳው አካባቢ ከመግባታቸው በፊት ሁልጊዜ እንደሚደረገው ቀለበት፣ ሰዓት፣ የጸጉር መያዣ ሁሉ ወለቀ፤ የኪስ አፍ በፕላስተር ታሸገ፤ መነጽር በገመድ አንገት ላይ ታሠረ። ወደ ገንዳው አንዲት ስፒል ብትወድቅ ዘንግ ትበሳለች፤ የሚመጣው ዓመት የሚነቀለው ጥርስ እሱ ነው። ቶርኬል ድልድዩን ከጥቅሉ በላይ አምጥቶ አቆመው። ውኃው ጥርት ብሎ ሰማያዊ ነው፤ ጥቅሉ ከሥር እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል።

ታገ ወንበሩን አስተካክሎ ተቀመጠ። ፊቱ ገና ከአሁኑ ወደ እሷ ዞሯል።

«ውረጂ» አለ። «ቀስ። ትንሽ ወደ ራስሽ። ደህና። ውረጂ… ነካሽ።»

ይህ እውነት ነው፤ መንካቷ በመዳፏ ተሰምቷታል።

«ዝጊ።»

ራግንሂልድ እንደምትዘጋ ሰው ሆነች። ክንዷን አዞረች፣ ትከሻዋን ለቀቀች፤ መዳፏ ግን በመያዣው ላይ ተንሸራተተ እንጂ መያዣው አልዞረም። ከሥር የጉጠቱ ጣቶች እንደተከፈቱ ናቸው። ስክሪኑን ያየ ሕፃን ልጅ እንኳ ክፍት ነው ይላል። ጠበቀች። ከልቧ፣ እውነት ለመናገር፣ ከልቧ «ክፍት ነው» እንዲላት ትመኝ ነበር።

«ተዘጋ» አለ ታገ። ጥርጥር የሌለው ረጋ ያለ ድምፅ ነው። «ሳቢ።»

«ታገ» አለች በንዴት። «ጉጠቱ ክፍት ነው። አልዘጋሁትም። አንተ ግን ሳቢ አልከኝ። ኢንግማሪ፣ ሰምተሻል?»

ቶርኬል ከድልድዩ ማዶ «አጎቴ…» ብሎ ጀመረና ዋጠው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ኢንግማሪ በማዳመጫው። «ታገ፣ ስክሪኑ ላይ ምን ይታይሃል?»

«ምንም» አለ ታገ። «ምንም አይታየኝም፣ ኢንግማሪ።»

ራግንሂልድ ቃሉን ሰማችው፤ ትርጉሙ ግን ቶሎ አልደረሰላትም። ለቅጥፈት፣ ለክህደት፣ ለቁጣ ተዘጋጅታ ነበር። በሦስት ሌሊት ያጠናቻቸው መልሶች ሁሉ አፏ ውስጥ ቀሩ። ጉጠቱን እንደ ደንቡ አንስታ አሠረችና ማዳመጫዋን አወለቀች። እሱም አወለቀ።

«ምን ማለትህ ነው አይታየኝም?»

«መሐሉ ሄዷል» አለ። «የማየው ነገር ሁሉ መሐሉ ጥቁር ነው። ትክ ብዬ ያየሁት ይጠፋል። ዳር ዳሩ አለ፤ ደብዛዛ ነው እንጂ አለ።»

«ሐኪሙ በየዓመቱ ያይህ የለም እንዴ?»

«የሐኪሙን ሰሌዳ በቃሌ ይዤዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያው ሰሌዳ ነው፤ ፊደሎቹ ዘመዶቼ ሆነዋል።» ሊያስቃት ፈልጎ ነበር፤ አልሆነም።

«ታዲያ እኔን ምን ታየኛለህ? ሁልጊዜ ዓይንህን እኔ ላይ ተክለህ!»

«ፊቴን ወደ አንቺ ሳዞር ስክሪኑ በዳር ይመጣልኛል። ምሰሶው ወዴት እንዳለ ይታየኛል፤ ጣቶቹ ግን አይታዩኝም። መዝጋትሽን ከትከሻሽ ነው የማውቀው። ስትዘጊ ቀኝ ትከሻሽ ዝቅ ይላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደዚያ ነሽ። ዛሬም ዝቅ አለ እኮ።»

«ሆን ብዬ ነው።»

«አሁን ገባኝ።»

ራግንሂልድ የምታደርገው ጠፋት። ጥፋት አለበት፤ ይህን ማንም አይክደውም። ትከሻዋ መዝጋቷን ይነግረው እንደሁ እንጂ ጣቶቹ አንገቱን በደንብ መያዛቸውን አይነግረውም፤ የሁለቱ ዘንጎች ሥራ የተበላሸው በእሱ ዓይን ነው። የቶርኬልን ምክር ሰምቶ ቢሆን ይሄ ሁሉ ባልመጣ። እሷ ግን የፈለገችው ተንኮለኛ ነበር። ተንኮለኛ ልታጋልጥ ብላ፣ በትከሻዋ ያመናትን ሰው በዚያው ትከሻ ዋሽታ፣ ሰው በተሰበሰበበት እርቃኑን አስቀረችው።

ኢንግማሪ ራሷ ወደ ድልድዩ መጣች። ታገን ክንዱን ይዛ ልታወርደው ስትል «ደረጃውን አውቀዋለሁ» አላት፤ አልተቆጣም። «ሁለቱ ዘንጎች የእኔ ናቸው። የራግንሂልድ እጅ አልሳተም። ይሄን ጻፊልኝ።» ከዚያ የደረጃውን መደገፊያ እየዳበሰ ወረደ። ሲዳብስ ስንት ጊዜ አይታው ነበር! አላስተዋለችውም ማለት ይከብዳል፤ ያስተዋለችውን ሁሉ ለሌላ ነገር አውላው ነበር።

ከምሳ በኋላ ቶርኬል የአጎቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማስቲካውን ተፍቷል። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ግን ስክሪኑን ትክ ብሎ ነው የሚያየው፣ አንዴም ወደ እሷ አልዞረም።

«ዝጊ» አለ። «ቆይ። በግራ አንዱ ጣት አልገባም። ክፈቺ። ትንሽ አዙሪ… እንደገና ዝጊ። ተዘጋ። ሦስቱም ይዘዋል። ሳቢ።»

ሳበች። ዘንጉ መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ከዚያ ዘንጎቹን ደግፈው ከያዙት የብረት መረቦች አንድ በአንድ እየተላቀቀ፣ በመዳፏ ውስጥ ቀስ እያለ እየነዘራት፣ ሳይጣመም ሙሉውን ወጣ። ወደ ቁስለኞች ማስቀመጫው ቱቦ ሲገባ ኢንግማሪ በመስታወቱ ክፍል አጨበጨበች። «ቢሮው ባዶውን ይቆያል!» አለች በማዳመጫው። ገንዳው ዳር ያሉት ሁለት ሠራተኞችም አጨበጨቡ። ራግንሂልድ የቆጡን አወረደች፤ የብብቷ ግን ወድቆ ተሰብሯል። ደስ አላላትም። በመዳፏ የመጣላትን ያን ስሜት እንኳ ለማን ትንገረው? ሁልጊዜ የምትነግረው ለታገ ነበር።

ስትወጣ ታገ መኪናዋ አጠገብ ቆሞ አገኘችው። ቶርኬል ልውሰድህ ብሎት እንቢ ማለቱን በኋላ ሰማች። ገቡ። ከጣቢያው በር እስኪወጡ ሁለቱም አልተናገሩም።

«ሙሉ ወጣ?» አለ ታገ።

«ሙሉ።»

«ቁስሉ የት ነው?»

«ከሦስተኛው መረብ ሥር። ቀጭን ሽቦ ፍቆ በስቶታል።»

«ሽቦ» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ሰው የጣለው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ከስክሪኑ አነሣህ ነበር።»

«እሱን ነዋ።» ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። «ከዚያ ወንበር ሌላ የማውቀው የለኝም፣ ራግንሂልድ። ቤት ብገባ ግድግዳ ነው የማየው፤ እሱም መሐሉ የለም። ይሄን በጋ ብቻ አልኩ። ልክ አልነበርኩም።»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ይሻላት ነበር። ዝም አይነቅዝም። ግን እሱ ሁሉንም ተናግሮ እሷ መደበቅ አልሆንልሽ አላት።

«እኔ ሆን ብለህ የምታበላሽ መስሎኝ ነበር» አለች። «እኔ ተነስቼ ቶርኬል ጉጠቱን እንዲይዝ።»

«እኔ?» አለ ታገ።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ዘንግ።»

«በየቀኑ በዚህ መኪና እያመላለስሽኝ?»

«አዎ።»

«ቤቴ መጥተሽ፣ ኮፍያ አድርገሽ፣ ከሳህኔ እየበላሽ?»

ታገ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ በፊት ቢሆን አኮረፈ ትል ነበር። አሁን ግን ፊቱን ማዞር ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ እያያት ነው። በቀረችው የዓይኑ ዳር እያያት መሆኑን እያወቀች ያን ሁሉ መንገድ ነዳች። ዓይኗን ከመንገዱ ላይ ለማንሣት አፈረች።

«ያስከፋኝ መናገርሽ አይደለም» አለ ከቤቱ ሊደርሱ ሲሉ። «በሥራው ልክ ነሽ፣ እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን ቁም እል ነበር። ግን አንቺ የከፋሽን ነገር መጀመሪያ ወደ እኔ ታመጪዋለሽ ብዬ ነበር የማስበው። ስለ እኔም ቢሆን።»

በሩ ላይ አቆመች። ታገ ቀበቶውን ፈታ፣ ወረደ፣ የመኪናውን በር ይዞ ትንሽ ቆመ። ራግንሂልድ ይቅርታ ልትለው ፈልጋ አፏን ስትከፍት የወጣው ካለፈው መከር ወዲህ በየማታው ስትለው የኖረችው ቃል ነው።

«ነገ በሰዓቱ እመጣለሁ።»

«ወዴት ልንሄድ?» አለ ታገ።

ሊወጋት ብሎ አልነበረም፤ የምሩን ነው የጠየቃት። በእጁ አጥሩን እየነካ ወደ ቤቱ ሲሄድ ራግንሂልድ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ የምትመልሰውን እየፈለገች እዚያው ቆመች።